የታመመው ካሜራ

ሥራዬ ሰውን አለማመን ነው። እንዲህ ስል የምቀልድ ይመስላቸዋል፤ እውነቴን ግን ነው። ዲላ ከተማ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። አቅራቢው ጆንያውን ደርድሮ፣ የአንዱን አፍ ፈትቶ፣ «እስቲ እይው፣ ዕንቁ እኮ ነው» ሲለኝ እሱ የሚያሳየኝን አላይለትም። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አለኝ፤ ጆንያውን ከአናቱ፣ ከወገቡና ከሥሩ እወጋበትና የሚፈስልኝን ፍሬ በመዳፌ እቀበላለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቆይ አንድም ጊዜ ተታልዬ አላውቅም። ከገደብ እስከ ጨለለቅቱ ያሉት አቅራቢዎች «ያቺ የማትሸወደዋ» ነው የሚሉኝ። ሲሉኝ የምቆጣ እመስላለሁ እንጂ ከደሞዜ ይልቅ የምኮራው በዚህ ስም ነበር።

ካሜራ ለመግዛት የተነሳሁት በጥላ ምክንያት ነው። የጌዴኦ ቡና ገላጣ ላይ አይበቅልም፤ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከመሃል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው ነው። ለሥራ ገደብ አጠገብ ወዳለችው ወርቃ በሄድኩ ቁጥር ያንን ቀይ ፍሬ እርጥብ ቅጠል መሃል ሳየው ልቤ ይሰረቃል። በስልኬ አነሳዋለሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ግን ቀዩ ቡኒ፣ ጥላው ጭቃ ሆኖ ይጠብቀኛል። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ፊትም እንዲሁ ነው፤ ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። ዓይኔ ያየውንና ስልኬ የሚያሳየኝን ማስታረቅ ሲያቅተኝ፣ ሌንሱ እየተፈታ የሚቀየረውን፣ በትንሽ መስኮት አጮልቀው የሚያዩበትን ትልቁን ዲጂታል ካሜራ ልግዛ አልኩ። የመጀመሪያዬ ስለሆነ በጥንቃቄ ልመርጥ ቆረጥኩ።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት መካሪዎች ሁሉ ሻጭ መሰሉኝ። አንዱ ካሜራ ያወድስና ከሥር የሚገዛበትን ቦታ ያስቀምጣል። ደግሞ ሜጋፒክሰል፣ ሜጋፒክሰል ይላሉ። እኔ ቁጥር ሲበዛብኝ ትዝ የሚለኝ ኪሎው እንዲበዛለት ጆንያውን ውሃ የሚረጭ አቅራቢ ነው። በስልክ ወደሚለቀቁ የሽያጭ ማስታወቂያዎች ዞርኩ። «ትንሽ ያገለገለ፣ አዲስ የሚያስንቅ» የሚል ማስታወቂያ አገኘሁ፤ ካሜራው ባለ አበባ አንሶላ ላይ ተቀምጦ ነው የተነሳው። በሳምንቱ ሌላ ስም ያለው ሰው ሌላ ካሜራ አወጣ፤ አንሶላው ያው ነው፣ አበባው ላይ ያለችው የሻይ ጠብታ ሳትቀር። አዲስ አበባ ከሚመላለስ ሰው ጋር ገንዘብ ላኪና አዲስ ያምጣልሽ አሉኝ። ያመጣው ሳጥን ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ቢሆንስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ይህንንም ተውኩት። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥቅምት አለቀ፣ ቡናው መቅላት ጀመረ፣ እኔ ግን ባዶ እጄን ነበርኩ።

ወሬውን የነገረኝ ከአስፋልቱ ዳር የስልክ ሽፋን፣ ሬዲዮና ሚሞሪ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የስልኬን ቻርጀር ልገዛ ገብቼ ካሜራ እንደምፈልግ ሲሰማ፣ «እህቴ፣ ምን አንከራተተሽ? ፎቶ አንሺው የራሳቸውን ሊሸጡ ነው» አለኝ።

ፎቶ አንሺው ሲል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር። ዲላ ውስጥ የሰርግ ፎቶ የተሰቀለበት ሳሎን ካለ፣ ፎቶው የእሳቸው ነው ቢባል ብዙም ስህተት የለውም። ከፊልም ዘመን ጀምሮ ያነሱ፣ ስድሳ የተጠጋቸው ሰው ናቸው። የእኔንም የምረቃ ፎቶ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። «አገጭሽን ዝቅ፣ ዓይንሽን እኔ ላይ» ብለው ነበር ያነሱኝ፤ ለሁሉም ሰው የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በከተማው የነበረ ልጅ ሁሉ በጨዋታ መሃል ይህንን እያለ ነው ያደገው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጥርጣሬዬ ነቃ። የሰርጉ ወር ጥር ደጃፍ ላይ ነው። ጥር ሊገባ ሲል ካሜራውን የሚሸጥ የሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ቡና ሲደርስ መፈልፈያውን የሚሸጥ ነጋዴ ማለት ነው። አንድ ነገር ቢኖር እንጂ።

«ዋስ አለው?» አልኩት ባለ ሱቁን። በእኛ ዘንድ ያገለገለ ዕቃ ያለ ዋስ አይገዛም። ገዢው ገንዘቡን ዋሱ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ዕቃውን ሰባት ቀን ይሞክራል፤ በሰባተኛው ቀን ሁለቱም ባሉበት ያየውን ይናገራል። በተናገረው ነገሩ ያልቃል፣ በኋላ መወቃቀስ የለም።

«እኔ ነኛ ዋሱ!» አለና ደረቱን መታ። እሱና ፎቶ አንሺው እዚያው ሱቅ በር ላይ ሃያ ዓመት አብረው ሻይ ጠጥተዋል። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ አልኩ በሆዴ፣ ግን ሄድኩ።

ፎቶ ቤታቸው ስገባ ከሰዓት ነበር፣ ዝናብ ሊጥል ደመናው ከብዷል። በሩ ላይ ቆሜ እያዩኝ «ማነው?» አሉ። ስናገር ነው የለዩኝ። ሰውን ባዳ አድርጎ መቀበል ዋጋ ለማስወደድ የቆየ ዘዴ ነውና ለራሴ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ጥር እየመጣ ለምን ይሸጡታል?»

«ደከመኝ፣ ልጄ።»

«ከምኑ?»

«ከሰርጉ ነዋ! ስንት ዓመት ጭፈራ መሃል ይቆማል?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም፤ ትከሻዬ አካባቢ የሆነ ቦታ ነው የሚያየው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያየሁት ነገር ነው፤ ከሥር መጥፎ ቡና ያለው ሰው ዓይኑን ዓይኔ ላይ አያሳርፍም።

ካሜራውን ሰጡኝ። ከባድ ነው፤ እጀታው ከብዙ መያዝ የተነሳ አብረቅርቋል። ከማያ መስኮቷ አጠገብ፣ በቀኝ በኩል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፋለች፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉባት ዓይነት።

«ይቺ ምንድናት?»

«እሷን አትንኪያት። እንዳለች ትሁን» አሉ ቶሎ ብለው።

በመስኮቷ አጮለቅኩ። ጭጋግ ነው። ቆሽሾ ይሆናል ብዬ በነጠላዬ ጠረግኩት፣ ያው ነው። ሌንሱን አዙሪው አሉኝ፤ ባዞረው ትንሽ ሻል አለ እንጂ አልጠራም። ከሌንሱ ጎን ወዳለች ትንሽ ማብሪያ ጠቁመው፣ እሷን ወደ ላይ ከገፏት ካሜራው ራሱ አነጣጥሮ እንደሚያጠራ፣ እሳቸው ግን ገፍተዋት እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከፊልም ጀምሮ የሚያነጣጥሩት በዓይናቸውና በጣታቸው ነው። «ማሽን ያነጣጠረው ፎቶ የማሽኑ ነው፣ የእኔ አይደለም» አሉ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሙሽሮች ያበራሉ። እኔ ግን የጆንያ አናት አላይም ብዬ የለ? ኮምፒውተራቸውን እንዲከፍቱልኝ ጠየቅኩ። የሰርጎቹ ፎቶ በየዓመቱ ተቀምጧል። ከዓመቶቹ አናት ወጋሁ፣ ጥሩ ነው። ከወገቡ ወጋሁ፣ የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከሥሩ፣ ማለትም ከቅርቦቹ ሁለት ዓመታት ስወጋ ግን አገኘሁት። የሙሽራዋ ዓይን ደብዝዟል፤ ጆሮዋ ላይ ያለው ጉትቻ ግን ጥርት ብሏል። ሌላውን ከፈትኩ፤ የሙሽራው ፊት ለስልሶ ከኋላው ያለው የመጋረጃው ጥልፍ ይነበባል። ሌላም፣ ሌላም። ከፊት የቆመውን ሰው ትቶ ከኋላው የሚያነጣጥር የካሜራ በሽታ እንዳለ አንብቤ ነበር። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ከሥር ያልተፈለፈለ ጀንፈል ሳገኝ የምደሰተው ደስታ ነው፣ አላፍርበትም ነበር። ጋሼ ራቅ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኔም አመስግኜ ወጣሁ።

በቀጥታ የሄድኩት ወደ ዋሱ ነው። ሱቁ ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ዝቅ ባለ ድምፅ መናገር እችል ነበር፣ አልተናገርኩም። «የምታሻሽጠው ካሜራ ታሟል» አልኩ። «ከሁለት ዓመት ወዲህ ያነሳው ሁሉ ደብዛዛ ነው። እኔን ሊሸውዱኝ!»

«ወላሂ አላውቅም» አለ ባለ ሱቁ፣ እጁን አንስቶ።

ዲላ ትልቅ ከተማ ነኝ ብትልም ወሬ ሲሆን ግን አንድ ግቢ ናት። በቅዳሜው ገበያ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ልጅ የዳረ ሰው ሁሉ አልበሙን አውጥቶ አየ። ለካ ብዙዎቹ ሲያጉረመርሙ ኖረዋል፤ ሰውየው ሰነፉ፣ ጠጡ፣ ናቁን ሲሉ ከርመዋል። አሁን ምክንያቱ ተገኘ፤ ለካ ካሜራቸው ታሞ ነው! ባለፉበት ሁሉ «ጋሼ፣ ካሜራው ታሞብዎት ነው አሉ» እያሉ ያዝኑላቸው ጀመር። ያወቅሁት እኔ ነኝና ለእኔም አድናቆቱ አልቀረብኝም፤ መጋዘን ውስጥ «ከቡና አልፋ ካሜራ ቀመሰች» አሉኝ።

እሳቸው አንድም ቃል አልተከራከሩም። ይልቁንም ካሜራውን በባለ ሱቁ በኩል ላኩልኝ፤ ዋጋውንም ቀንሰው። «ሳምንት ትያዘው፣ የፈለገችውን ትሞክር» ብለዋል። ይህ ይብሱን አጠራጠረኝ። ንፁህ ሰው ይቆጣል፤ ዋጋ የሚቀንሰው የተደረሰበት ነው። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ብዬ ገንዘቤን ባለ ሱቁ ዘንድ አስቀምጬ ወሰድኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ሐሳቤ የበሽታውን ልክ እስከ መጨረሻው አውቄ ዋጋውን ከዚያም በታች ማውረድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የመጀመሪያ ሥራዬ ያቺን ፕላስተር መላጥ ሆነ። አትንኪያት የተባለ ነገር እንዴት ሳይነካ ይቀራል? ስንጥቅ ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ የለም። ከሥሯ የተገኘችው ከሰዓት መሙያ የማትበልጥ ባለ ጥርስ መንኮራኩር ናት። በጥፍሬ ገፋ ሳደርጋት ቀጭ፣ ቀጭ እያለች ዞረች። አጮልቄ ሳይ፣ ያ ጭጋግ እየተገፈፈ ሄደ፤ የጎረቤታችን የቆርቆሮ ጣሪያ ምስማሮቹ ሳይቀሩ ታዩ። አንዱን በሽታ አዳንኩት አልኩና ሳቅኩ። መንኮራኩሯ ለምን በፕላስተር ታስራ ትቀመጥ እንደነበር ግን አልገባኝም። ልል ሆና የምትንሸራተት ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ሞከርኳት፤ ባለችበት ትቆማለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ለሥራ ወርቃ ሄድኩ፤ ካሜራውን ይዤ። ቡናው ቀልቷል፣ ማጠቢያ ጣቢያው ውስጥ ሰው ይተራመሳል። ሥራዬን ጨርሼ ወደ ጥላው ገባሁና ካሜራው ራሱ እንዲያነጣጥር ማብሪያዋን ገፋሁ። አነሳሁ። ጥርት ያለ ነው። አጋጣሚ ነው አልኩ። ቅርብ ያለ ቅጠል፣ መካከል ያለ ግንድ፣ ሩቅ ያለ ሰው አነሳሁ፤ ከአናት፣ ከወገብ፣ ከሥር መሆኑ ነው። ሁሉም ጥርት። እንግዲያው በእጅ ሲነጣጠር ነው የሚታመመው ብዬ ማብሪያዋን መልሼ በጣቴ እያዞርኩ አነሳሁ። ፍሬው ላይ ያለችው የውሃ ጠብታ ሳትቀር ተለይታ ወጣች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ታሟል ብያለሁ፣ ታሞ መገኘት ነበረበት።

የቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ሆኜ እንዲህ ከካሜራው ጋር ስጣላ፣ ከተሰጣው ቡና መሃል መጥፎውን እየለዩ የሚጥሉ አንዲት አሮጊት ያዩኛል። ጣታቸው ፈጣን ነው፣ ፍሬውን ሳያዩት በመዳሰስ ነው የሚለዩት።

«እስቲ እኔም ልየው። ውስጡ ምን አለ?» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። አጮልቀው ቆዩና ሳቁ። «ጭጋግ ነው! ይሄ እኮ ወርቃ በጠዋት ነው።»

«እኔ ሳይ ጥርት ያለ ነው፣ እማማ።»

«ያንተ ዓይን ልጅ ነው። የኔ ሄዷል።» የእሳቸው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም።

ያቺ መንኮራኩር ትዝ አለችኝ። ካሜራውን ከዓይናቸው ሳላነሳ በጥፍሬ ገፋ አደረግኳት። ቀጭ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ትንሽ መጣ» አሉ። ቀጭ፣ ቀጭ። «አዙር፣ አዙር… ሰው ታየኝ! አዙር።» መንኮራኩሯ መጨረሻ ደርሳ አልንቀሳቀስ አለች። «እዚህ አቁም። ትንሽ ቀርቷል፣ ግን ጥሩ ነው።»

ካሜራውን ተቀብዬ አየሁት። መንኮራኩሯ የቆመችው የላጥኩት ፕላስተር ሙጫ ምልክቱን በተወበት ላይ ነው፣ ልክ እዚያው።

እዚያ አልጋ አጠገብ ቆሜ ሁሉም ነገር ገባኝ። መንኮራኩሯ የተሠራችው የተመልካቹ ዓይን ቢደክም መስኮቷን ለዓይኑ እንድታጠራለት ነው። አንድ ሰው እስከ መጨረሻዋ ድረስ አዙሯታል፤ እንዳትመለስበት በፕላስተር አስሯታል፤ ያም አልበቃውም። ካሜራው አልታመመም። የታመመው የጋሼ ዓይን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሙሽሮቹን ያነሱት በጭጋግ ውስጥ፣ በልማድና በጣት ነው። በሩ ላይ ቆሜ «ማነው?» ያሉኝ ሊያስወድዱብኝ አልነበረም። ዓይናቸውን ከእኔ የሸሹ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የቱ ጋ እንዳለሁ እየፈለጉኝ ነበር።

አፈርኩ። ዘጠኝ ዓመት ስወጋ ከጆንያ ሥር ያገኘሁት ክፋት ሁሉ ባለቤቱ ሆን ብሎ የደበቀው ነበር፤ ከሥር የሚገኝ ነገር የባለቤቱ መከራ ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ከገደብ በሚመለሰው መኪና ውስጥ ካሜራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳስብ ሌላው ነገር ተገለጠልኝ። እሳቸው ያልተከራከሩኝ፣ ዋጋም የቀነሱት፣ እኔ ስም ያወጣሁለት በሽታ ስለጠቀማቸው ነው። ካሜራው ታሞ ነው መባል ያሳዝናል፤ ሳያይ የሰው ሰርግ አነሳ መባል ግን የሠላሳ ዓመት ስም ያፈርሳል። ደግሞም እኔ ነኝ በሰባተኛው ቀን እውነቱን እንድናገር የምጠበቀው፤ የማትሸወደዋ። ካሜራው ጤነኛ ነው ካልኩ በዲላ ውስጥ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው የለም።

በሰባተኛው ቀን ሱቁ ስደርስ ጋሼ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሻይ ይዘዋል። ውስጥ ደግሞ ያልጠበቅኳት ሴት አለች፤ ባለፈው ዓመት ልጇን የዳረች እናት ናት፣ አልበሙን በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። ሳልቀመጥ ጀመረችኝ።

«አንቺ ነሽ አሉ ያወቅሽው። አንድ ልጅ ነው የዳርኩት፣ አንድ! ፊቷ እንዲህ ሆኖ ቀረ።» አልበሙን ከፈተችው። ሙሽራዋ ደብዝዛለች፣ የጆሮዋ ጉትቻ ያበራል። «እኔ ልጠይቅሽ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እውነት ካሜራው ነው? ወይስ ሰውየው ንቀውን ነው?»

ባለ ሱቁ አየኝ። ጋሼ አላዩኝም፤ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አስፋልቱ ፊታቸውን አዙረዋል።

ያ ሁሉ ዓመት የሰበሰብኩት ስም አፌ ላይ መጣ። ጤነኛ ነው፣ በሽታው ሌላ ነው ማለት ነበር የቀረኝ፤ ዲላም እንደገና ታደንቀኝ ነበር።

«ካሜራው ነው» አልኩ። «ከኋላ ነው የሚያነጣጥረው። ማንም ቢይዘው እንዲህ ነው የሚያነሳው። ጋሼ ባይሆኑማ ይቺም አትወጣም ነበር።»

ሴትየዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እኔኮ ብያለሁ! ሰውየው እንዲህ አይደሉም ብያለሁ» አለችና አልበሙን መልሳ ጠቀለለች። «በሉ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ክፉ ተናግሬዎታለሁ።»

«ግድ የለም» አሉ እሳቸው።

ባለ ሱቁ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲያው ገንዘብሽን ልመልስልሽ?»

«አይ፣ እወስደዋለሁ። ገንዘቡን ስጣቸው፤ በመጀመሪያ ባሉት ዋጋ።»

«የታመመውን? በሙሉ ዋጋ?»

«አስጠግነዋለሁ።»

«ወላሂ፣ አንቺ ልጅ ዛሬ የታመምሽው አንቺ ነሽ!» ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ልትሄድ ስትወጣም እየሳቀች ነበር፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እንደምትነግር አወቅኩ። እውነትም ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ሰላም የለኝም። አንዱ አቅራቢ ቡና ይዞ በመጣ ቁጥር «ለካሜራሽ የሚሆን የተበላሸ ጆንያ አለኝ፣ በሙሉ ዋጋ ልስጥሽ?» ይለኛል። የማትሸወደዋ የሚለኝ የለም አሁን። ሲስቁብኝ ያናድደኛል፤ አያናድደኝም ብል ውሸት ነው።

ባለ ሱቁ ገንዘቡን አስረክቦ «ሱቁን ጠብቁልኝ» ብሎን ለሶላት ወጣ። እኔና ጋሼ ብቻችንን ቀረን። በኋላ፣ «አንዴ ላንሳሽ?» አሉኝ። «ከካሜራው ከመለየቴ በፊት።»

እሺ አልኩ። ካሜራውን ከመስጠቴ በፊት ጥፍሬን ወደ መንኮራኩሯ ላክሁና ሙጫው ምልክት እስከተወበት ድረስ አዞርኳት። ድምጿ ከወባ ትንኝ ድምፅ አይበልጥም፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እሳቸው ግን ያንን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቁታል። የዘረጉት እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ፕላስተሩን አንስተሻታል» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ካሜራውን ተቀበሉኝ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አነሱ፣ ጣታቸው ሌንሱን ያዘ፣ ጀርባቸው ቀና አለ፤ የዛሬ ስንት ዓመት የምረቃ ልብስ ለብሼ ፊታቸው የቆምኩ ቀን እንደነበሩት ሆኑ።

«አገጭሽን ዝቅ» አሉኝ። «ዓይንሽን እኔ ላይ።»

ዓይኔን እሳቸው ላይ አደረግኩ። አነሱኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ካሜራ ብዙ አንስቻለሁ፤ ቀዩ ቀይ፣ ጥላው ጥላ ሆኖ ወጥቶልኛል። ሳሎኔ ውስጥ አሳትሜ የሰቀልኩት ግን ያንን አንዱን ነው። ፊቴ ደብዝዟል፣ ዓይኔ አይታይም፤ ጆሮዬ ላይ ያለችው ትንሿ ሎቲ ብቻ ጥርት ብላለች። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ አይቶት ይስቃል። «ይሄ በሙሉ ዋጋ የገዛሽው የታመመው ካሜራ ያነሳው ነው?» ይለኛል።

«አዎ» እላለሁ። «ያነሳው እሱ ነው።»